የጥገና ዕቃ ዝርዝር የት ይያዝ? ደብተር፣ ኤክሴል፣ ቴሌግራም ወይስ ሶፍትዌር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የህንጻው ጥበቃ ነበር። «ኢንጂነር፣ አራተኛ ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በደረጃው እየወረደ ነው። ዋናውን ዘግቼዋለሁ» አለኝ። ደግነቱ ቧንቧ ሰራተኛችን እዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው፤ በ20 ደቂቃ ደረሰ። የሚያስፈልገው አንድ መጋጠሚያ ብቻ ነበር፤ የ25 ፒፒአር (የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ) ሶኬት። ስቶር ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ግዢውን የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ዕቃው ግን አልተገኘም። የስቶር ሃላፊያችን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ለቅሶ ገጠር ወርደው ነበር። ስልካቸው አይሰራም። ቁልፉ ጥበቃው ጋ አለ። መደርደሪያው ላይ «ሶኬት» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ሦስት ካርቶኖች ተደርድረዋል። በአንዱ ውስጥ የግድግዳ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ። በሁለተኛው የ20 የቧንቧ ሶኬት። በሦስተኛው የ110 የፍሳሽ ቱቦ ሶኬት። 48 ቤት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለ ውሃ ቆየ። ሱቅ ሲከፈት ሁለት ፍሬ ገዛን። ጋሼ ሲመለሱ አግዳሚው ስር ከነበረ የቀለም ባልዲ ውስጥ 11 ፍሬ የ25 ሶኬት አውጥተው አሳዩኝ።

አልተቆጣኋቸውም። ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፤ ጻፉልኝ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አራት ዓይነት አያያዝ ሞክሬያለሁ። ሁለት የጋራ መኖሪያ ቤት ማህበራትም የየራሳቸውን ሲጀምሩ አግዣለሁ። እዚህ የማወዳድራቸው በእነዚህ ዓመታት ባየሁት ነው። መለኪያዬም አንድ ነው፤ የሌሊት ፈተና እለዋለሁ። ስቶሩን የማያውቅ ሰው፣ ለማንም ሳይደውል፣ ትክክለኛውን ዕቃ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያገኛል ወይ? ሌላው ሁሉ፣ ሪፖርቱም ግራፉም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሁሉም በፊት ስሙ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ መጀመሪያ የምትጋፈጡት የስም ጉዳይ ነው። የእኛ አገር የጥገና ዕቃ ስም ከሦስት ቤት የመጣ ነው። ከጣሊያን የቀረልን አለ፦ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቱቦ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ካቻቢቴ። ከእንግሊዝኛ የገባ አለ፦ ኤልቦ፣ ሶኬት፣ ብሬከር፣ ቫልቭ። የራሳችን አለ፦ ቆጣሪ፣ ማጠፊያ፣ መፍቻ፣ ማብሪያ ማጥፊያ። ዕድሜም ይጨመርበታል። አንጋፋው ባለሙያ «ሳራቺኔስካ» የሚለውን ወጣቱ «ጌት ቫልቭ» ይለዋል። ጥበቃው ደግሞ «መዝጊያው» ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ዝርዝሩ ሦስቱንም ካላወቀ ግን ከሦስቱ አንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ልኩም እንደዚሁ ያምታታል። የብረት ቱቦ በኢንች ይጠራል፤ ፒፒአር በሚሊሜትር። ግማሽ ኢንች የሚባለውን ጥርስ በካሊፐር ለኩት፤ ውጩ 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፒፒአር ላይ የተጻፈው 20 ግን የራሱ የቱቦው የውጭ ልክ ነው። በተግባር 20ው ከግማሽ ኢንች፣ 25ቱ ከሦስት ሩብ፣ 32ቱ ከአንድ ኢንች ጋር ነው የሚሄደው። ይህን ቧንቧ ሰራተኛው በልቡ ያውቀዋል። እናንተ ለግዢ የምትልኩት ልጅ ግን አያውቀውም፤ «ሃያ አምጣ» ተብሎ ሄዶ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ዋና ስም ይመረጥ። አጠገቡ «ሌላ ስሙ» የሚል ቦታ ይኑር፤ ሰው የሚጠራበት ሁሉ እዚያ ይግባ። «ሶኬት» ብቻውን ስም ሊሆን አይችልም። «የቧንቧ ሶኬት፣ ፒፒአር፣ 25» ስም ነው። «የግድግዳ ሶኬት፣ 16 አምፔር» ስም ነው።

አንድ ዓምድ ደግሞ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ለመለመን ዝግጁ ነኝ። «ምትክ» የሚለው ነው። ዕቃው ካለቀ በምን ይተካል? በምንስ ፈጽሞ አይተካም? ብሬከርን ውሰዱ። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የተዘረጋ የሶኬት መስመር ላይ 16 አምፔር ብሬከር ነበር እንበል። አሁን ተበላሽቷል። ስቶር ውስጥ ያለው 32 ብቻ ነው። መልኩ አንድ ነው፤ ቦታውም ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። መብራቱም ይመጣል። ግን ሽቦው ሲግል ብሬከሩ አይወርድም። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ነው። እዚያው መስመር ላይ ሌላ ነገር ሲጨመርበት የሚሆነውን አስቡት። ዝርዝሩ ላይ «በ32 አይተካም» ብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ቤት ያድናል።

ደብተርና ቢን ካርድ

ሁለቱን ለይቼ ነው የማያቸው። ደብተር ማለት ሁሉም ገቢና ወጪ በቀን ተራ የሚጻፍበት ነው። ቢን ካርድ ማለት እያንዳንዱ ዕቃ ያለበት ቦታ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ነው፤ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። በመንግስት መስሪያ ቤት የሰራ ሰው ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 መያዝ ለምዷል። ያ ልማድ ያለው ሰው ካላችሁ ትልቅ ሀብት ነው። አክብራችሁ ያዙት።

ደብተሩ የሌሊቱን ፈተና ይወድቃል። መፈለግ አይቻልም። ገጽ ሲያልቅ የቀጠለው የት እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፤ የጥገና ስቶር ደግሞ ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው፣ ውሃ አያጣውም።

ካርዱ ግን ያልፋል፤ ያውም በክብር። መብራት ባይኖር በስልክ ባትሪ ይነበባል። ኔትወርክ አይጠይቅም። ዕቃውና መረጃው አንድ ቦታ ናቸው። ጥበቃው ስሙን አንብቦ፣ አንድ አውጥቶ፣ «ወጪ 1፣ ቀሪ 10» ብሎ መጻፍ ይችላል። ወፈር ያለ ወረቀት፣ ቀለሙ የማይለቅ እስክሪብቶ እና ገመድ ነው ወጪው። ዛሬ ኤክሴል እየተጠቀምኩም ካርዱን አልተውኩም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥርና ካርዱ ላይ ያለው ሲለያዩ፣ ከልምዴ፣ ካርዱ ነው ልክ የሚሆነው።

የማይችለው ነገር አለ። «ባለፉት ስድስት ወራት ስንት የቧንቧ ካርትሪጅ (እጀታው ስር ሆኖ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን) ቀየርን?» ብትሉት መልስ የለውም፤ ቁጭ ብሎ መደመር ነው። የቢሮው ሰውም ስቶር ድረስ ካልወረደ ምን እንዳለ አያውቅም። ሦስት አራት መቶ ዓይነት ዕቃ ሲሆን ደግሞ ካርድ መፈለጉ ራሱ ስራ ይሆናል።

ኤክሴል

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትመርጡት ይህንን ነው፤ መምረጣችሁም ልክ ነው። ግን ያልተነገሩ ወጥመዶች አሉት። ሁሉንም ገብቼባቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ልክ ነው። ግማሽ ኢንች ለማለት አንድ፣ እዝባር፣ ሁለት ብላችሁ ስትጽፉ ኤክሴል ቀን ይመስለዋል። ኮምፒውተሩ በተስተካከለበት አገር መሰረት ጃንዋሪ 2 ወይም ፌብሩዋሪ 1 ያደርገዋል። ሦስት ሩብም እንደዚያው ወደ ቀን ይቀየራል። መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ዝርዝር ላይ 40 የሚሆኑ መጋጠሚያዎች ልካቸው ወር ሆኖ ቀረ። የትኛው የቱ እንደነበር ለማወቅ ካርቶን በካርቶን መክፈት ነበረብኝ። መፍትሄው ቀላል ነው። ከመጻፋችሁ በፊት የልክ ዓምዱን በሙሉ ምረጡና ወደ ጽሑፍ ቀይሩት። ወይም «ግማሽ ኢንች» ብላችሁ በፊደል ጻፉ። በዜሮ የሚጀምር ኮድም እንዲሁ ነው፤ 0014 ብትጽፉ 14 ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው የራሳችን ፊደል ነው። «መጸዳጃ» ብሎ የጻፈ ሰው አለ፤ «መፀዳጃ» ብሎ የፈለገ ሰው አለ። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ አይተዋወቁም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ አንባቢ የማይለያቸውን ማሽኑ ይለያቸዋል። ብሬከር፣ ብሪከር፣ ብሬኬር ሲጨመርበት አንድ ዕቃ አራት ቦታ ይመዘገባል። አራት ቦታም ይገዛል። እኛ ጋ የወሰንነው እንዲህ ነው፦ ሁልጊዜ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ። የሰዋስው ክርክር ውስጥ አልገባንም፤ ስቶር ነው። ከዚያ ዋናው ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር እንዲመረጥ አደረግን፤ በእጅ እንዳይተየብ። ኤክሴል ይህን ያደርጋል። አንዴ ማዘጋጀት ነው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን አንዳንዴ በእኛ ነው፣ አንዳንዴ በፈረንጅ። ሁለቱን አንድ ዓምድ ውስጥ ከቀላቀላችሁ «የመጨረሻው ግዢ» የሚለው ትርጉም ያጣል። አንዱን ምረጡ። በጀታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ የእኛን ቀን በጽሑፍ ለመያዝ ልትፈልጉ ትችላላችሁ። በቀን መደርደርና ማስላት ካስፈለጋችሁ ግን የፈረንጁን ያዙ።

አራተኛው ዋጋ ነው። ዋጋ ያለ ቀን ከተጻፈ ያታልላችኋል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የቧንቧ ካርትሪጅ፣ ቤሪንግ፣ የፓምፕ ሲል (ውሃ እንዳይወጣ የሚያሽገው)፣ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። የ2015 ዋጋ ይዞ በጀት የሰራ ማህበር የገጠመውን አይቻለሁ፤ ለሦስት ፓምፕ የያዘው ገንዘብ ለአንዱም በአግባቡ አልበቃም። ስለዚህ ከዋጋው ጎን ቀኑ ይጻፍ። ከቫት ጋር ነው ወይስ ያለ ቫት የሚለውም ይጻፍ፤ 15 በመቶ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

እነዚህን ካለፋችሁ ኤክሴል በጣም ደስ ይላል። በአንድ ቃል ፍለጋ «ሳራቺኔስካ» ብላችሁ ጌት ቫልቩን ታገኛላችሁ፣ «ሌላ ስሙ» ዓምድ ስላለ። ዝቅተኛውን ቀሪ ስታስቀምጡ ከዚያ የወረደው ቀይ ይሆናል። ወር መጨረሻ ላይ የግዢ ዝርዝሩ ራሱ ይወጣል።

ድክመቱ ማን ጋ ነው ያለው የሚለው ነው። ፋይሉ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ሌሊት የለም። በፍላሽ ከተዟዟረ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የመጨረሻ ትክክለኛው» የሚል ፋይል ይፈለፈላል። እኛ ወደ ጉግል ሺት አዛወርነው። አንድ ፋይል፣ ሦስት ሰው የሚጽፍበት፣ ሌሎቹ የሚያነቡት። ማን ምን እንደቀየረ ታሪኩ ይቀመጣል። ኔትወርክ ሳይኖርም ስልክ ላይ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ ግን ቀድማችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ፣ ሌሊት ላይ አይሆንም። ጽሑፉ ስልክ ላይ ደቃቃ ነው። ጋሼ መነጽር አድርገውም ይቸገራሉ። ስለዚህ በየወሩ አትመን በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንለጥፋለን።

ቴሌግራም

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ውለታው አለብኝ። ሁሉም ሰራተኛ ስልኩ ላይ አለው። ማንንም ማሰልጠን አያስፈልግም። የመርካቶ ነጋዴዎችም አዲስ የመጣ ዕቃ የሚለጥፉት እዚያው ነው፤ ፎቶ ትልካላችሁ፣ «አለ» ወይም «የለም» ይላችኋል። ለአንድ ዕቃ ከሰፈር እስከ መርካቶ ታክሲ ተሳፍሮ ባዶ እጅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

ጥንካሬው ፎቶ ነው። የቧንቧ ካርትሪጅን ውሰዱ። ብዙ የሚገጥማችሁ 35 እና 40 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ አምስት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለየብቻ ስታዩአቸው ማንም አይለያቸውም። እኛ እያንዳንዱን ካርትሪጅ ከማስመሪያ ጎን አስቀምጠን፣ ከላይና ከስር ፎቶ አንስተን፣ ስር የሚገባባቸውን ክፍሎች ቁጥር ጽፈን ለጠፍን። አሁን ቧንቧ ሰራተኛው የተበላሸውን ፈቶ ከፎቶው ጋር ያስተያያል። ከዚያ ነው ስቶር የሚወርደው።

ግን ፎቶ ያለ ጽሑፍ መቃብር ነው። የቴሌግራም ፍለጋ በቃል ነው፣ በምስል አይደለም። ስር ስሙና ቁጥሩ ያልተጻፈ ፎቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ችግር ወሬው ነው። ግሩፑ ላይ እንኳን አደረሳችሁ፣ የደመወዝ ጥያቄ፣ የጠፋ ቁልፍ ሲገባበት ካታሎግነቱ ያበቃል። ጽሑፍ የሚለጥፈው አንድ ሰው ብቻ የሆነበት ቻናል ክፈቱ፤ ወሬው ለብቻው ግሩፕ ላይ ይሁን። ግሩፕ ከሆነም የቀድሞው ታሪክ ለአዲስ አባል እንዲታይ ማስተካከያውን ክፈቱት። አለበለዚያ አዲስ የተቀጠረው ባለሙያ ባዶ ገጽ ነው የሚያየው።

ከሁሉ በላይ ግን ቴሌግራም አይቀንስም። ስንት እንደቀረ አያውቅም። አንድ ማህበር በቴሌግራም ብቻ ሊይዘው ሞክሮ ነበር። «አለ» የተባለው ብሬከር ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። እንደ ፎቶ አልበም ተወዳዳሪ የለውም፤ እንደ ስቶር መዝገብ ግን አትመኑት።

ሶፍትዌር

የጥገና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ዋና ጥቅም ዕቃውን ከስራው ጋር ማያያዛቸው ነው። ኤክሴል «የፓምፕ ሲል 4 ፍሬ ወጣ» ይላል። ሶፍትዌሩ «የምድር ቤቱ ቁጥር 2 ፓምፕ በስምንት ወር ውስጥ አራት ሲል በላ» ይላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት መረጃ አይደሉም። የኋለኛው ቤሪንጉን ወይም ዘንጉን እንድታዩ ይነግራችኋል። አራት ሲል የሚበላ ፓምፕ አምስተኛም ይበላል።

የኦዱ ኮሚዩኒቲ ዕትም እና ኢአርፒኔክስት ኮዳቸው ክፍት ነው፤ በነጻ ማውረድ ይቻላል። የስቶርም የጥገናም ክፍል አላቸው። ነጻ ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የሚያስቀምጠው ኮምፒውተር፣ የሚያዘጋጀው ባለሙያ፣ ሲበላሽ የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ስራ ሲለቅ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ጠይቁ። ተዘጋጅተው በኢንተርኔት የሚከራዩት ደግሞ አብዛኞቹ ክፍያቸው በሰው ቁጥር፣ በየወሩ፣ በዶላር ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በየወሩ በዶላር መክፈል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የባንክ ካርዱ አንድ ወር ካልሰራ መለያው ሊዘጋ ይችላል፤ ዝርዝራችሁም አብሮ።

ሻጭ ሲመጣ ማሳያው ሁልጊዜ ያምራል። እናንተ ግን የራሳችሁን 50 ዕቃ ይዛችሁ ቅረቡ። በአማርኛ ስም አስገቡት። «ሌላ ስሙ» የሚል ቦታ አለው? በአማርኛ ፍለጋ ያገኛል? ኔትወርክ አጥፍታችሁ ሞክሩት። ሙሉውን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ወደ ኤክሴል ማውጣት ይቻላል? ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ «አይ» ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሻዩን ጠጥታችሁ ሸኙት። ዝርዝሩ የእናንተ ነው።

በእኔ ግምት ሶፍትዌር ዋጋውን የሚያወጣው ከአንድ በላይ ስቶር ሲኖር ነው። ሦስት ህንጻ፣ ሦስት ቦታ የተቀመጠ ዕቃ፣ የሚዘዋወሩ ባለሙያዎች። ያኔ «የ32 ቦል ቫልቭ ቦሌው ህንጻ ስቶር አለ፣ ሲኤምሲው የለም» የሚለውን በእጅ መያዝ አይቻልም። ለአንድ ህንጻ ግን ከጥቅሙ ሸክሙ ይበዛል። አንድ ጊዜ ለሙከራ ወስጄ ነበር። ባለሙያው አንድ ቴፍሎን ለማውጣት ስድስት ቦታ መንካት ነበረበት። በሁለተኛው ሳምንት መንካቱን ተወ። አልፈረድኩበትም፤ እጁ እርጥብ ነው፣ ተከራይዋ ደግሞ እየጠበቀችው ነው።

ባለሱቁን ካታሎግ ማድረግ

ስቶር የሌላቸው ትናንሽ ህንጻዎች የሚያደርጉት ነው። ደንበኛ የሆኑት ባለሱቅ ህንጻውን ያውቁታል። «የእናንተ በር ሲሊንደር 70 ነው» ይላሉ፣ እናንተ ሳትናገሩ። ምንም ገንዘብ መደርደሪያ ላይ አይተኛም። ለ10 ወይም ለ12 ቤት ብልህነት ነው።

ፈተናውን ግን ያው ሌሊት ይወድቃል። እሁድም፣ በዓልም። ዋጋም የምታወዳድሩበት ነገር የላችሁም። ቢያንስ እሳቸው የሚያውቁትን እናንተም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ፤ የሲሊንደሩን ርዝመት፣ የካርትሪጁን ስፋት፣ የፓምፑን ቤሪንግ ቁጥር።

ስለ ቤሪንግ ካነሳሁ አይቀር፣ ቁጥሩ ራሱ ካታሎግ ነው። 6204 ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ፤ 20 ሚሊሜትር። 6205 ደግሞ 25። ከ04 በታች ያሉት በዚህ አይሄዱም፤ 6203 ለምሳሌ 17 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ሽፋኑ የጎማ ይሁን የብረት ይነግራችኋል። ያንንም ጨምራችሁ ገልብጡ። ባለሱቅ ጋ «6204 ስጠኝ» ብቻ ካላችሁ ያለውን ነው የሚሰጣችሁ።

ትርጉም ያለው ኮድ ወይስ ተራ ቁጥር

እዚህ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ኮዱ ራሱ እንዲናገር ይፈልጋል፤ ዓይነቱ፣ ልኩ፣ መደርደሪያው ሁሉ ውስጡ ይግባ ይላል። ሌላው ዝም ብሎ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል። እኔ መጀመሪያ ከአንደኛው ወገን ነበርኩ። ረጅም ኮድ ሰራሁ፤ መደርደሪያ ቁጥርም አስገባሁበት። ከአራት ወር በኋላ መደርደሪያውን ከግድግዳው እርጥበት አሸሸነው። ኮዱ ሁሉ ውሸታም ሆነ።

አሁን የምጠቀመው መሃሉን ነው። አራት አሃዝ። የመጀመሪያው የስራውን ዘርፍ ያሳያል፦ 1 ውሃና ፍሳሽ፣ 2 ኤሌክትሪክ፣ 3 በርና መስኮት፣ 4 ቀለምና ማጣበቂያ፣ 5 ፓምፕና ሞተር። የቀረው ተራ ቁጥር ነው፣ ትርጉም የለውም። ቦታው የራሱ ዓምድ አለው፤ ሲቀየር እዚያ ብቻ ይቀየራል። ጥበቃው በስልክ «1037» ብሎ ሊነግረኝ ይችላል፤ ስህተት አይገባበትም። ቁጥር ላይ ጸ እና ፀ የለም።

4 ብዬ የለየሁት ዘርፍ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይፈልጋል፤ የሚያበቃበት ቀን። ሲሊከን ቱቦው ላይ ቀን አለው፤ ካለፈ በኋላ አይደርቅላችሁም፣ መታጠቢያ ቤቱም ይፈሳል። የፒቪሲ ሙጫ አንዴ ከተከፈተ ቆርቆሮው ውስጥ ይጋገራል። ሲሚንቶ ከሦስት ወር በላይ ከተቀመጠ ጉልበቱ እየቀነሰ ነው። እነዚህን በርካሽ ተገኘ ብሎ ማከማቸት ኪሳራ ነው።

ስንት ህንጻ፣ ስንት ሰው

ከ20 ቤት በታች ከሆናችሁ አንድ ገጽ ዝርዝር፣ የቴሌግራም ፎቶ እና ጥሩ ባለሱቅ ይበቃችኋል። አብዛኛው የጋራ መኖሪያ ቤት ብሎክ ከዚህ በላይ ነው። ከ1995ቱ የጋራ ህንጻ አዋጅ ጀምሮ ደግሞ የጋራ መጠቀሚያዎችን ማስተዳደርና መጠገን የባለቤቶቹ ማህበር ስራ ነው፤ ኮሚቴው በተቀየረ ቁጥር ዝርዝሩ አብሮ መሄድ የለበትም። ለእነዚህ ቢን ካርድ ከጉግል ሺት ጋር እላለሁ፤ ፋይሉ በሊቀመንበሩ የግል ስም ሳይሆን በማህበሩ ኢሜይል ይከፈት። አንድ ትልቅ ህንጻና የሙሉ ጊዜ ስቶር ሃላፊ ካላችሁም መልሴ ያው ነው፤ የፎቶ ቻናሉ ይጨመርበት። ሶፍትዌሩ ሁለተኛው ስቶር እስኪከፈት ይቆይ።

ቆጠራውን ሰኔ 30 ላይ አንዴ ብቻ አታድርጉት። በዓመት አንዴ የሚቆጠር ስቶር አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ የተገኘውን ጉድለት ግን ማንም አያስታውሰውም። እኛ ዘወትር ሐሙስ 10 ዕቃ እንቆጥራለን። ሩብ ሰዓት ነው። ጋሼ ይቆጥራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራ እንቀያየራለን።

ከየት ይጀመር

ሁሉንም ዕቃ ለመመዝገብ አትነሱ። ካለፉት ሦስት ወራት ደረሰኞች ጀምሩ። ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተገዛውን ብቻ ለዩ። እኛ ጋ 63 ሆነ። እነዚያን በአንድ ቅዳሜ ሰይመን፣ ቁጥር ሰጥተን፣ ካርድ አንጠለጠልንላቸው። የቀረው በወጣና በገባ ቁጥር ቀስ እያለ ገባ።

ከ63ቱ ውስጥ ደግሞ ለሌሊት የሚያስፈልጉትን 14 ለይተን አንድ ቀይ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። ከ20 እስከ 32 ያሉ የፒፒአር ሶኬቶችና ኤልቦዎች፣ ሁለት ቦል ቫልቭ፣ ቴፍሎን፣ 10 እና 16 አምፔር ብሬከር፣ የበር ሲሊንደር። 32 አምፔር ብሬከር ሆን ብለን አላስገባንም። ክዳኑ ውስጥ የ14ቱ ፎቶ ከነቁጥራቸው ተለጥፏል። የፒፒአር መበየጃው ከጎኑ ነው፤ 260 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ።

ባለፈው ክረምት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ቧንቧ ፈነዳ። የሰማሁት ጠዋት ነው። ካርዱ ላይ በጥበቃው እጅ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁት፦ «1037፣ ወጪ 1፣ ቀሪ 3፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ።»